የአቡናሮቹ እመት

ሽንፋ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር ምስጋና፣ ሳንጃ።

እንደምን ሰነበትህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና መሆንህን ወረቀትህን ያመጣልኝ ፈሀድ ነግሮኛል። አይሱዙውን ሳንጃ አቁሞ ምሳ ስትበላ አይቶሃል፣ ፊቱ ሞልቷል አለኝ። ይመችህ።

«ለአንዲት እንሽላሊት ምን እንዲህ ያንጨረጭርሻል?» ብለህ ጽፈሃል። ምን ያንጨረጭርሻል ትለኛለህ ደግሞ! ለመስቀል ወንድሜ መጣልኝ ብዬ በግ ያረድሁልህ ሴት ነኝ። በሦስተኛው ቀን እኔ ገበያ ስወርድ፣ አንተ ከሰሊጤ መሀል ካለው ኩይሳ የአቡናሮቹን እመት አውጥተህ፣ በጆንያ ቋጥረህ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ወደ ሳንጃህ ገሠገሥህ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ራስህን እየላጨሁ፣ ልብስህን እያጠብሁ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ስርቆት ግን አላስተማርሁህም።

እንሽላሊት ነው ያልሃት? ከተማ ገብተህ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ዶሮ የምታህል፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያላት፣ ከአገጯ ሥር የእጣን ዛፍ ሙጫ የምታጠራቅምበት ከረጢት ያንጠለጠለች፣ ሙጫውን ስትተፋው ነፋስ እንደነካው ቦግ ብሎ የሚነድ እንሽላሊት ሳንጃ ካለ እስኪ አሳየኝ። አባታችን ያን ኩይሳ በትራክተር ያላስነካው ፈርቶ አልነበረም። አርባ አቡናር ያለበት ማሳ ላይ አንበጣ አይከርምም፣ ግሪሳ አያርፍም። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ፤ ያደግህበት እኮ ነው።

ሁሉም የሚተዳደሩት በእሷ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ትልሳቸዋለች። የላሰችው የቤት ነው፣ ያልላሰችው ባዕድ ነው። እኛንም እንደዚያው። ከአጨዳ በፊት እጄን ወደ ኩይሳው እሰዳለሁ፣ ትልሰኛለች፣ በዚያው እጄ የአጫጆቹን ግንባር እዳስሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ማሳው መሀል ጋደም ቢሉ የሚነካቸው የለም። አንተም እጅህን ስትሰድ ዝም ያሉህ በልጅነትህ ስላስላስሁህ ነው። እሷ ራሷ ልሳህ ይሆናል፣ ምስኪን።

አሁን እመት የለችም፣ ማስላስ የለም። ባለፈው ሰኞ ሁለት ሳሉጎች፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ የሰው ልጆች፣ ማጭድ ይዘው ገብተው እግራቸው ተቃጥሎ ወጡ። የቀሩት ካምፕ ተቀምጠው እኔን እኔን ያያሉ። ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል። ከጥቅምት ሃያ ወዲያ አይቆይልኝም፣ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። የዓመት ልፋቴ እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የለኝም። እመቲቱን በፈሀድ መኪና መልስልኝ። አንተን ራስህን አልፈልግህም።

ፈንቴ

*

ሳንጃ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈንቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። አንቺ ሰላምታ ብትነፍጊኝም እኔ አልነፍግሽም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ የተማረ ሰው ወግ እንያዝ።

«ምን እያበላሃት ነው? የትስ ነው ያኖርሃት?» ብለሽ በፈሀድ ላስጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሽቦ ቤት ነው ያለችው። አንበጣ ትበላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትተኛለች። ደህና ናት። ክብደቷን መዝኛለሁ፣ የክንፏንና የጅራቷን ርዝመት ለክቻለሁ፣ የከረጢቷንም ሥዕል ሠርቻለሁ።

እትዬ፣ ይህን ፍጥረት እስካሁን በወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው የለም። ይገባሻል? ከድንበሩ ጀምሮ እስከ ሽንፋ ሰው ሁሉ ከእነሱ ጋር እያረሰ፣ እያጨደ፣ ስማቸውንም ከሱዳኖች ተውሶ አቡናር፣ የእሳት አባት እያለ ኖረ። አንድ ገጽ የጻፈ ግን አልተገኘም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ናሙና ስንከራተት «እንደምን ሆንህ?» ያለኝ ዘመድ አልነበረም። አባታችን እርሻውን ለአንቺ ሲሰጥ «ምስጋና ደብተሩን ይዟል፣ ይበቃዋል» ስትዪ እዚያው ቆሜ ሰምቼሻለሁ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አሁን ደግሞ ደብተሩንም ልትቀሚኝ ነው?

እመት፣ ማስላስ፣ ምናምን የምትሉት ነገር ሲጣራ ሽታ ነው። ከምራቋ የሚወጣ ሽታ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለመንጋው አንዲት የደረሰች ሴት ከተገኘች ሥራው ይሠራል። ፍቅሩንና ናፍቆቱን የጨመራችሁበት እናንተ ናችሁ። ልኬቴን ስጨርስ እመልስልሻለሁ። እስከዚያው አጫጆቹን ቦቲ ጫማ አልብሺያቸው።

ወንድምሽ ምስጋና

*

ሽንፋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማረው ወንድሜ፤

ቦቲ አልኸኝ! እሳት ለሚተፋ ፍጥረት የላስቲክ ቦቲ! ለአጫጆቹ ባነብላቸው ያ እግሩ የተቃጠለው ልጅ እንኳ እየሳቀ እንባው መጣ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢያንስ አስቀሃቸዋል።

ስለ እርሻው ላልኸው፣ አዎ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። አንተ ፀሐይዋን ሸሽተህ ጥላ ሥር ስታነብ ከአባታችን ጋር አረም የነቀልሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ውሃ ትጠጣለች» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አነበብኋት። አቡናር ውሃ አይጠጣም፣ ምስጋና። ከቅጠል ላይ የሚልሳት ጤዛ ትበቃዋለች። ከዚያ ከበዛ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ይረጋና ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ክረምቱን በሙሉ ኩይሳውን ከውስጥ ደፍነው የሚከርሙት ለምን መሰለህ? እንግዲህ ወይ ዋሽተኸኛል፣ ወይ በሳህን አቅርበህ ገድለሃታል።

ሞታ ከሆነ ንገረኝ። ይህን በክፋት አይደለም የምጽፍልህ፣ ክፋቱን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ሬሳዋን ላክልኝ፣ ይበቃኛል። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንተ ገና ሳትወለድ፣ የፊተኛዪቱን እመት እባብ ነድፎ ገደላት። ጎትተው ኩይሳው አናት ላይ አወጧት። እያንዳንዳቸው እየመጡ ላሷት፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ዋሉ፣ በነጋታው እንቁላል ከሚጠብቁት ሞግዚቶች አንዷ ተነሥታ ሌሎቹን መላስ ጀመረች። አለቀ፣ እመት ሆነች። ሬሳ ካላዩ ግን በቦታዋ ሌላ አይተኩም። ትመጣለች ብለው ይጠብቃሉ። ይኸው አሁንም ኩይሳው ላይ ተደርድረው አንተ የሄድህበትን መንገድ ያያሉ። አያድኑም፣ አይበሉም። ግሪሳውም አውቆባቸው ትናንት ማሳው ዳር አረፈ።

ሞታም ቢሆን፣ ደርቃም ቢሆን ላካት። እኔ ሬሳዋን ላሳያቸው፣ እነሱ ልቅሷቸውን ይጨርሱ፣ እኔም ሰሊጤን ልጨድ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ።

ፈንቴ

*

ሳንጃ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈንቴ፤

አልሞተችም። እንዲህ ማሰብሽ ራሱ ለእኔ ምን ያህል ግምት እንዳለሽ ያሳያል። ውሃ ያልኩት በችኮላ ነው፣ ጤዛ ለማለት ፈልጌ ነው። እኔ እዚያው ኩይሳ ሥር ያደግኩ ሰው መሆኔን አትርሺ።

ፈሀድ «እህትህ ማልልኝ ብላሃለች» አለኝ። በአንድ ሹፌር ፊት እንደ ተከሳሽ አስቁመሽ ታስምዪኛለሽ! ይሁን። በአባታችን መቃብር ምዬለታለሁ፣ እሱም ምስክር ነው።

ይህን ደብዳቤ ከያዘው ቅርጫት ውስጥ አለችልሽ። እርጅናዋን ከቅርፊቷ መልክ ታውቂዋለሽ። ቀኝ ክንፏን ደግሞ ገልጠሽ እዪ፣ ድሮ በአጥሩ ሽቦ የተቀደደው ቦታ እዚያው አለ። ከተጠራጠርሽ እሱ ይበቃሻል። ትንሽ ፈዛለች፣ የመንገድ ድካም ነው። ጥናቴን ከመሀል አቋርጬ፣ የሁለት ዓመት ሥራዬን ገደል ከትቼ ነው የሰጠሁሽ። ደስ ይበልሽ።

አስልሺ፣ አሳጭጂ፣ ነዶሽን ሂላ አድርገሽ ከምሪ። እኔን ግን ከእንግዲህ በምንም ጉዳይ አትጻፊልኝ።

ምስጋና

*

ሽንፋ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምስጋና፤

ይህን የምትጽፈው ረፊቃ ናት፣ የፈሀድ ሚስት፣ ባለሱቋ። እኔ እየነገርኋት ነው የምትጽፈው። ለምን በራስሽ እጅ አልጻፍሽም እንዳትለኝ፣ ሰሞኑን እጄም ልቤም ሌላ ነገር ላይ ነው።

አትጻፊልኝ ብለህ ነበር። አንድ ጊዜ ታገሠኝ።

የላክሃት በሰላም ደርሳለች፣ ፈሀድ አላጎሳቆላትም። የሰሊጡም ነገር አልቋል። ሳሉጎቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ለእኔ ማሰብህ ከሆነ አታስብ፣ በልቼ አድራለሁ፣ ረፊቃም ከጎኔ አልራቀችም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርታኛለች። የላክሃት የወሰድሃት ናት? መቃብር ላይ የማልኸውን እርሳው፣ አልይዝብህም። ያለፈ አልፏል፣ አልቆጣም። ጥናትህንም አላበላሽብህ። እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፣ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው። እውነቱን ጻፍልኝ።

ፈንቴ

*

ሳንጃ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፈንቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ! አጨዳው እንዲህ ፋታ አሳጥቶሽ ጸሐፊ እስከመያዝ መድረስሽ ራሱ አስደስቶኛል። ለረፊቃ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ጽሕፈቷ ያምራል።

ቁጣው ካለፈ እውነቱን ልንገርሽ። አይደለችም። የመጀመሪያዋ እዚህ በደረሰች በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሆነኝ ከዚያ ከወጣሁ፣ ረሳሁት። ሰው አይደለሁም? ስትታነቅ አጠገቧ ነበርኩ፣ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። ከሞተች ወዲያ ደግሞ ከንቱ ከምትቀር ብዬ ከፈትኳት፣ አካሏን ከፋፍዬ እንዳትበሰብስ ፎርማሊን የሚባል መድኃኒት ውስጥ አስቀመጥኳት። «ሬሳዋን ላክ» ስትዪኝ የምልከው ሬሳ አልነበረኝም። ይህን በምን አፌ ልነግርሽ?

ስለዚህ ከሳንጃ በታች ካለ ኩይሳ ሌላ አሮጊት አስያዝኩ። ክንፏን በመቀስ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ለማታለል ሳይሆን እንዳትጠራጠሪና ሥራሽ እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው። አሁን ሳየው ጥሩ አድርጌያለሁ።

ውጤቱን ግን አየሽው? መንጋው እንግዳ ሴት ተቀበለ! ሽታ ነው፣ አንዲት የደረሰች ሴት ትበቃለች ብዬሽ አልነበር? ይህ ለጥናቴ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሆናል። እባክሽ ዝርዝሩን ላኪልኝ። እንግዳዋን ሲያዩ መጀመሪያ ምን አደረጉ? ማን ቀድሞ ቀረባት? አንቺስ ስንት ርምጃ ርቀሽ ቆምሽ? ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው? ስምሽን ምስጋና በማቀርብበት ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ።

የሚወድሽ ወንድምሽ ምስጋና

*

ሽንፋ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር ምስጋና፤

ዝርዝሩን ላኪልኝ ብለሃል። እነግርሃለሁ። ረፊቃ ደብዳቤህን ካነበበችልኝ ጀምራ እያለቀሰች ስለሆነ ፊደሉ ቢንጋደድ በእሷ አትፍረድ። «እትዬ፣ ይህንስ አልጽፍም» ያለችኝ ቦታ አለ፣ ተቆጥቼ ነው ያጻፍኋት።

ቀኑ ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። አጫጆቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ እግራቸው የተጎዳው ሁለቱ ሳይቀሩ መጥተዋል። ቅርጫቱን ከፈትሁ፣ እጄን ሰጠኋት፣ ላሰችኝ። ምላሷ ቀዝቃዛ ነበር፣ ያን ጊዜ ልነቃ ይገባኝ ነበር። ክንፏን ገለጥሁና ቅዳዱን አየሁ። ወንድሜ በአባቴ መቃብር ምሏል አልሁ። በላሰችው እጄ የአሥራ አንዱን ግንባር ዳሰስሁ፣ አቅፌያት ፊት ፊት ሄድሁ፣ እነሱ ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ስንት ርምጃ ላይ ቆምሽ ላልኸው፣ ከኩይሳው ስምንት ርምጃ። መጀመሪያ ምን አደረጉ ላልኸው፣ ሁሉም ዝም አሉ። ደስ ያላቸው መስሎኝ «ይኸው አመጣሁላችሁ፣ ይኸውላችሁ» እያልሁ ነበር። ማን ቀድሞ ቀረባት ላልኸው፣ አንዲት ትንሽዬ መጣች፣ ክንዴ ላይ አረፈች፣ አሸተተቻት። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸች።

አርባውም ተነሡ። እንግዳዋ ክንዴ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እመቲቱ መስላኝ ነበር። በረሀብ አብደው የገዛ እናታቸውን ሊገድሉብኝ ነው ብዬ በነጠላዬ ሸፈንኋት፣ ጎንበስ ብዬ በፊቴ ከለልኋት። ጥያት ብሮጥ ኖሮ ጀርባዬን ነበር የሚያገኙኝ። ያገኙኝ ፊቴን ነው። ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው ትላለህ? እኔ እንጃ፣ ሰዓት የሚያዩበትን ነገር ቀድመው ነው የወሰዱብኝ። አጫጆቹ ጎትተው አወጡኝ፣ ሦስቱ እጃቸው ተልጧል። እሷ እቅፌ ውስጥ ከሰል ሆና ነበር አሉ።

ፈሀድ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ወሰደኝ፣ ከዚያም ጎንደር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ አየኝ። ሁለቱም ዓይኖች አይሆኑም አለኝ። ተመልሼ ረፊቃ ቤት ነው ያለሁት። «ሰሊጡ አልቋል» ያልሁህ ይህን ነው። ባለፈው እሑድ ረፊቃ እጄን ይዛ እስከ ማሳው ዳር ወስዳኝ ነበር። ረግፏል፣ ግሪሳው ሲንጫጫ ሰማሁ፣ ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስዳስስ መዳፌ ሰሊጥ በሰሊጥ ሆነ። አንዲት ነዶ አልታሰረም።

አልቆጣም ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ። ባልዋሽህ አንተ እውነት አትናገርም ነበር።

ለጥናትህ የሚሆን ገና አለልህ። እስከ ዛሬ አርባ አምስት ቀን አልበሉም። ትንንሾቹ አልቀዋል፣ ሞግዚቶቹ እንቁላሉን ትተው ወጥተዋል። ፈሀድ ከመንገዱ ሆኖ ይቆጥርልኛል፣ ትናንት አሥራ ሰባት ቀርተዋል አለኝ። አሥራ ሰባቱም ኩይሳው ላይ ናቸው፣ ወደ ሳንጃ መንገድ ያያሉ። እነሱ እንዲህ ሆነው ከርሞም ቢሆን ያን ማሳ የሚያርሰው የለም። እነሱ ካለቁ ደግሞ አንበጣውና ግሪሳው ነው የሚወርሰው። የአባታችን እርሻ እዚህ ላይ ደርሷል። ከቀማሁህ፣ ይኸው ውሰደው።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይቅርታህን አይደለም፣ እንዳትልክልኝ። ያችን የቆራረጥሃትን፣ ፎርማሊን ውስጥ ያለችውን፣ ከነጠርሙሷ ይዘህ ና። በፈሀድ እንዳትልካት፣ እሱም አልወስድም ብሏል። በመድኃኒቱ ውስጥ ሽታዋ ቀርቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ መጽሐፍህም አያውቅም። እኔ እስከደረስሁበት፣ እስከ ስምንተኛው ርምጃ ድረስ ይዘሃት ሂድ። ክዳኑን ክፈት፣ አውጥተህ በእጅህ ያዛት፣ አቅርብላቸው። ካወቋት ያለቅሳሉ፣ አዲስ እመት ይሾማሉ፣ ማሳውም ይተርፋል። ካላወቋት ምን እንደሚያደርጉ ከላይ ጽፌልሃለሁ።

ስትመጣ ወደ ረፊቃ ቤት አትግባ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ኩይሳው እለፍ። እኔ አላይህም። እነሱ ያዩሃል።

ፈንቴ